ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) በ14,300 ኪሎ ሜትር ያለቀ መኪና፦ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

የሽሮ ሜዳዋ (ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት 1,200 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ያላት፣ ማርሽዋ ማኑዋል የሆነ አዲስ የቤት መኪና ገዛሁ። እስከ ዛሬ የሄደችው 14,300 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለው ቤቴ ተነሥቼ በስድስት ኪሎ በኩል አራት ኪሎ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ እወርዳለሁ፤ ማታ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። ከከተማ የወጣችው ሁለት ጊዜ፣ እሱም እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ ነው። ከባድ ዕቃ ጭኜባት አላውቅም፤ ዘይቷንም በወቅቱ አስቀይራለሁ።

ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቷ አይጨምርም። ቀድሞ መሐል ላይ ይይዝ የነበረው የፍሪሲዮን ፔዳል አሁን እግሬን ጨርሼ ላነሣ ስል ነው የሚይዘው። ቤት ስደርስም የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ጋራዥ ወስጄ ሳሳያት የፍሪሲዮኑ ሸራ (እየተፋተገ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው ክብ ዲስክ) ማለቁንና ሙሉ ስብስቡ መቀየር እንዳለበት ነገሩኝ። የሸጠልኝ ድርጅት ደግሞ ፍሪሲዮን እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው እንደማይሸፍነውና ያበላሸውም አነዳዴ እንደሆነ ገልጾልኛል። ይህ አባባል በጣም አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ጎረቤቴ ያንኑ ዓይነት መኪና ገዝቶ 90,000 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ፍሪሲዮኑን አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። እኔ ከእርሱ አንድ ስድስተኛ ያህል እንኳ ሳልነዳ እንዴት ቀድሜ ልጨርስ ቻልኩ? ልምዱ ያላችሁ እንድታስረዱኝ እለምናለሁ።

ካምቢዮ ፈቺ (ጥቅምት 4)

እህቴ፣ እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ዕቃው በዓይን ሳይታይ እርስዎንም ሆነ ሻጩን ጥፋተኛ ማድረግ ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ ግን ሸራው በእርግጥ እየተንሸራተተ መሆኑን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከፊትዎ ሰው በሌለበት ያቁሟት፤ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ፤ የእግር ፍሬኑንም በቀኝ እግርዎ ረግጠው ይያዙት። ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልያዘም ማለት ነው። ሙከራው ራሱ ሸራ ስለሚበላ አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉት።

ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ሞተሩና ካምቢዮው በሚገጣጠሙበት ቦታ ሥር የዘይት ጠብታ ይታያል ወይ? መኪናዋን ከእርስዎ ሌላ የሚነዳት ሰው አለ ወይ? ማርሽ ቀይረው ሲያበቁ ግራ እግርዎ የት ነው የሚያርፈው? መኪናዋ ማታ የምታድረው ምን ዓይነት ቦታ ላይ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በዝርዝር እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ።

የሸማች ወገን (ጥቅምት 5)

እኔ በዚህ ነገር አልስማማም። አንድ ሰው አዲስ መኪና ገዝቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ትልቅ ዕቃ ሲያልቅበት ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። «የሚያልቅ ዕቃ ነው» ማለት በማንኛውም ጊዜ ቢያልቅ አያገባንም ማለት አይደለም። ጎማም የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ጎማ በሦስት ወር ቢላጥ ማንም ሰው ምክንያቱን ይጠይቃል። ዘይት የሚያሳልፍ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ) ወይም የደከመ መጫኛ (ሸራውን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት) ሊኖር ስለሚችል፣ እህታችን ሳይመረመር ጥፋቱን እንዳይቀበሉ እመክራለሁ።

የመለዋወጫ ነጋዴ (ጥቅምት 5)

በሶማሌ ተራ ለብዙ ዓመት ዕቃ ሸጫለሁ። ከፋብሪካ በተገጠመ ዕቃ ላይ የጥራት ጉድለት አልፎ አልፎ ሊያጋጥም ይችላል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሲነሣ የሚያንቀጠቅጥ ወይም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጮኽ ይሆናል። ሁለት ዓመት በሰላም ሠርቶ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ የመጣው ግን በመልበስ ያለቀ ይመስለኛል።

ስትቀይሩ ግን ተጠንቀቁ። በታወቀ የጃፓን ስም ታትሞበት የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው ውስጥ አለ። ሸራውን፣ ፕሬዠር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን (ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሌቱን የሚገፋውን ቤሪንግ) በአንድ ላይ ግዙ፤ የክፍሉን ቁጥር ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር አመሳክሩ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

የሽሮ ሜዳዋ (ጥቅምት 6)

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ካምቢዮ ፈቺ፣ ሙከራውን ሜዳ በሆነ ሰፊ ግቢ ውስጥ አደረግሁት፤ ሞተሩ አልጠፋም። ሥሯ ደረቅ ነው፤ የዘይት ጠብታ አላየሁም። ከእኔ ሌላ የሚነዳት የለም። ግራ እግሬን በተመለከተ ትናንት ራሴን ተከታትዬ ነበር፤ በትራፊክ መጨናነቅ ጊዜ ፔዳሉ ላይ እንደማሳርፈው ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋልኩ።

ስለ ማደሪያው ለጠየቁኝ እንዲህ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ በር 25 ሜትር ያህል የሚሆን፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ቀጥ ያለ ዳገት አለ። ጠዋት ስወጣ የትምህርት ቤት ሕፃናት በአስፋልቱ ዳር ስለሚያልፉ ፊት ለፊት እያየሁ መውረድ እመርጣለሁ። ስለዚህ ማታ ዳገቱን የምወጣው በኋላ ማርሽ ነው። ግራና ቀኙ ግንብ በመሆኑ በጣም ቀስ እላለሁ፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይወስድብኛል። በሩ ጋ ስደርስ ክላክስ አድርጌ እስኪከፈትልኝ እጠብቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን አንድ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ዳገት ላይ አይይዝልኝም ነበር፤ ስለዚህ የመንጃ ፈቃድ ስማር እንደተነገረኝ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ባላንስ አድርጌ (ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቄ ነዳጅ እየሰጠሁ) ነው የማቆያት።

ካምቢዮ ፈቺ (ጥቅምት 6)

እህቴ፣ በግልጽ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ይህ ትልቅ መልስ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ ቢቻል ቆመው ይዩ።

የማሽን መምህር (ጥቅምት 7)

እህታችን የሰጡት ማብራሪያ ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ስለሚያስችል ትንሽ ልዘርዝር።

የሚሠራ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የቆመ መኪና ጎማ ግን አይዞርም። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቀው ፍሪሲዮን ነው። ቮላኖውና (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ሸራው እኩል መዞር ከጀመሩ በኋላ በመካከላቸው መፋተግ ስለሌለ፣ መኪናዋ በዚያ ሁኔታ መቶ ኪሎ ሜትር ብትሄድ እንኳ ሸራው አይጎዳም። የሚጎዳው እኩል እስኪዞሩ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ በአግባቡ ለተነሣ ሰው ይህ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነው። የጎረቤትዎ 90,000 ኪሎ ሜትርና የእርስዎ 14,300 ኪሎ ሜትር ሊነጻጸሩ የማይችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ መኪና የኋላ ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ብንለቅ፣ በሚኒሞ ብቻ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከዚህ ፍጥነት በታች ለመሄድ ሸራው የግድ መንሸራተት አለበት። 25 ሜትሩን ከ30 ሰከንድ በላይ ፈጅተው ከወጡት ፍጥነትዎ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ማለት ከመጀመሪያው ሜትር እስከ መጨረሻው ሸራው ሲፋተግ ቆይቷል ማለት ነው።

የሙቀቱ መጠን ምን ያህል ነው? ሹፌሯን ጨምሮ መኪናዋ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፣ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር ከፍ ይላል፣ ሞተሩም በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል ብለን እናስብ። ስሌቱን ስሠራው መኪናዋን ወደ ላይ ለማውጣት የሚውለው ኃይል አንድ ኪሎ ዋት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ሸራው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ግን ከአራት ኪሎ ዋት በላይ ይሆናል። በየቤታችን ያለው የእንጀራ ምጣድ የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል ከዚህ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ከምጣዱ እጅግ በሚያንስ ክብ ብረትና ሸራ ላይ ነው። በሩ ጋ ቆመው በባላንስ ሲጠብቁ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል፤ መኪናዋ ስለማትንቀሳቀስ ሞተሩ ለፍሪሲዮኑ የሚሰጠው ሥራ በሙሉ ሙቀት ይሆናል።

መውጣቱንና መጠበቁን ደምረን በየማታው አንድ ደቂቃ ተኩል ብንይዝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 600 ማታ ቢገቡ 15 ሰዓት ይሆናል። 15 ሰዓት 54,000 ሰከንድ ነው። በእያንዳንዱ መነሣት ሁለት ሰከንድ ብንቆጥር፣ ያ የዳገት ጊዜ ብቻውን 27,000 ጊዜ ሜዳ ላይ ከመነሣት ጋር ይስተካከላል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሜዳው የበለጠ ነው። ሸራ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ የበለጠ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ደግሞ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይታወቅ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ወራት በፍጥነት ይበላሻል። በነሐሴ ድንገት የጀመረ የመሰልዎት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንም መርሳት የለብንም፤ ሽሮ ሜዳ ከመሐል ከተማው ይልቅ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። 1,200 ሲሲ የሆነ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ለዳገት መነሻ ጉልበት ሲያንሰው ሹፌሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ዙሩ በጨመረ ቁጥር በሸራውና በቮላኖው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ይሰፋል።

የዓባይ በረሃ መንገደኛ (ጥቅምት 7)

መምህር የጻፉትን በሥራ ላይ ያየሁት ስለሆነ እመሰክራለሁ። ለብዙ ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሰው ሳመላልስ በአንድ ፍሪሲዮን 170,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ዓባይን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ሞልቼ እጭናለሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ እየጮኸች ትወጣለች፤ ነገር ግን ማርሽ ከገባ በኋላ ግራ እግሬ ወለል ላይ ስለሆነ ሸራው አይነካም። ያችኑ መኪና ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼው በከተማ ታክሲ ሲሠራባት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ሸራ ቀየረ። ክብደት ፍሪሲዮንን የሚበላው በመነሻ ጊዜ ነው።

እህቴ፣ ዳገት ላይ መነሣት እንዲህ ይሁን። የእጅ ፍሬን ስበው ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳያስገቡ) ይጠብቁ። ሲነሡ አንደኛ አስገብተው ነዳጅ በትንሹ ይስጡ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ሲልና ድምፁ ሲከብድ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ መንቀሳቀስ እንደጀመረች ግራ እግርዎን ጨርሰው ያንሡ። ባላንስ ለፈተና ቀን መልመጃ እንጂ ለዕለት ተዕለት መጠበቂያ አይደለም፤ አሠልጣኞች ይህን ሳያስረዱ ተማሪ ማስመረቃቸው ያሳስበኛል።

የሸማች ወገን (ጥቅምት 8)

የመምህሩን ስሌት ተቀብያለሁ፤ በመጀመሪያው አስተያየቴም ቸኩዬ እንደነበር አምናለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም ብዬ አስባለሁ። እህታችን ባላንስ ያደረጉት የእጅ ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ስለማይይዝ ነው። የእጅ ፍሬን በየጊዜው በሚደረግ ሰርቪስ የሚታይና የሚስተካከል ነገር ነው። ሰርቪስ ያደረገላቸው ክፍል ይህን ሳያይ አልፎ ከሆነ፣ «አነዳድሽ ነው» ብሎ መልስ መስጠቱ ሙሉ እውነት አይደለም። የሰርቪስ ደብተሩን ይመልከቱት።

ካምቢዮ ፈቺ (ጥቅምት 8)

ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው። እኔም የምጨምረው የሚወርደውን ዕቃ እንዴት እንደሚያነቡት ነው፤ ዕቃው የደረሰበትን ሁሉ ራሱ ላይ ይዞ ይወጣልና።

ሸራው በሁለቱም ፊት እኩል ሳስቶ ሪቬቶቹ (ሸራውን የያዙት ምስማሮች) ብረት መንካት ከጀመሩ፣ ቮላኖውም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ በሙቀትና በመንሸራተት ያለቀ ነው። ሸራው ገና ውፍረት እያለው ጥቁርና የሚያንጸባርቅ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ ቅባት ካለው ዘይት አግኝቶታል፤ ያ ዘይት ከሞተር በኩል መጣ ወይስ ከካምቢዮ በኩል የሚለው መለየት አለበት፤ ምክንያቱም ሲሉ ሳይቀየር አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አንዱ ፊት ብቻ በብዛት ከተበላ፣ ሸራው በካምቢዮው ዘንግ ላይ በነጻ አይንሸራተትም ወይም መጫኛው ተጣሟል። የፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች ጫፍ በጣም ከተፋቀና ኩሽኔታው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ እግር ፔዳል ላይ ሲያርፍ መኖሩን ያሳያል። አንድ የሚረሳ ነገር ልንገርዎ፦ ፔዳሉ ሲነካ መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም ክብደት የሚሄድበት ትንሽ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ያ ክፍተት ከሌለ ሹፌሩ እግሩን ባያሳርፍም ኩሽኔታው ሁልጊዜ እየገፋ ስለሚቆይ ሸራው በሙሉ ኃይል አይያዝም።

ጋራዡ አሮጌውን ዕቃ እንዲመልስልዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይንገሯቸው። ቮላኖውንም ሳያዩ አያስዘጉ።

የሽሮ ሜዳዋ (ጥቅምት 21)

ውድ ወንድሞቼ፣ የዘገየሁት ሥራው እስኪያልቅ ስጠብቅ ነው። በነገራችሁኝ መሠረት ካምቢዮው ሲወርድ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ፎቶግራፍም አንሥቻለሁ።

ሸራው በሁለቱም ፊት እኩል አልቋል፤ በሞተሩ በኩል ያሉት ሪቬቶች ቮላኖውን መቧጨር ጀምረዋል። ዘይት ፈጽሞ የለበትም፤ ሁለቱም ሲሎች ደረቅ ናቸው። ቮላኖው ላይ ካምቢዮ ፈቺ የጻፉት ሰማያዊ ነጠብጣብ ዙሪያውን ይታያል። የፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች በመጠኑ ተፍቀዋል፤ የፔዳሉ ክፍተት ግን ትክክል ነበር። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለመቀበል ከብዶኝ የነበረ ቢሆንም ዕቃውን በእጄ ይዤ ካየሁት በኋላ የምከራከርበት ምክንያት አልቀረኝም።

የእጅ ፍሬኑ ጉዳይ ግን ሌላ ሆኖ ተገኝቷል። መካኒኩ ሲያየው ገመዱ ላልቶ እጀታው እስከ መጨረሻው ቢሳብ እንኳ የኋላ ጎማዎቹን በቅጡ የማይይዝ ነበር። የሰርቪስ ደብተሬን ሳገላብጥ በሦስቱም ሰርቪስ «የእጅ ፍሬን ታይቷል» በሚለው መስመር ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ይህን ከፎቶግራፎቹ ጋር አያይዤ ለሸጠልኝ ድርጅት በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። የፍሪሲዮኑን ወጪ እንዲከፍሉኝ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት የእጅ ፍሬኑ ሳይስተካከል ለምን ምልክት እንደተደረገበት እንዲያስረዱኝና የፍሪሲዮኑን የመግጠሚያ ዋጋ እንዲጋሩኝ ነው። እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።

አሁን የምጠይቀው ስለ መግቢያዬ ነው። በኋላ ማርሽ መውጣቱን ብተው ጠዋት ሕፃናት ወደሚያልፉበት አስፋልት ጀርባዬን ሰጥቼ መውረድ ይኖርብኛል፤ ይህ ደግሞ ከፍሪሲዮን በላይ ያስፈራኛል።

የማሽን መምህር (ጥቅምት 21)

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ሆኖም በኋላ ማርሽ ቁልቁል መውረድ ለፍሪሲዮኑ ቀላል ነው፤ ፍሬን ብቻ ስለሚጠቀሙ ሸራው አይደክምም። ማታ ደግሞ ፊት ለፊት በአንደኛ ማርሽ ሲወጡ መንገዱ በደንብ ስለሚታይዎት ፍሪሲዮኑን ሙሉ ለቀው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር መውጣት አይከብድዎትም። በሩ ግን እርስዎ ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት ክፍት መሆን አለበት። አስፋልቱ ዳር ሜዳው ላይ ቆመው ስልክ ደውለው ያስከፍቱ።

የዓባይ በረሃ መንገደኛ (ጥቅምት 22)

ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው አስፋልቱ ጋ ወርዶ ይምራዎት። እኔ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝም ሰው በሚያልፍበት ቦታ ያለ መሪ ወደ ኋላ አልሄድም።

ካምቢዮ ፈቺ (ጥቅምት 22)

አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይንዱ፤ ዳገት ላይ በኃይል አይነሡ። ቮላኖው ተፋቀ ወይስ ተቀየረ?

የሽሮ ሜዳዋ (ኅዳር 30)

ቮላኖው ስንጥቅ ስለሌለው ተፍቆ ተገጥሟል። ከተገጠመ ወዲህ 780 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። ማታ አስፋልቱ ጋ ቆሜ እደውላለሁ፤ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለ ማቋረጥ እወጣለሁ፤ በሰዓት ስለካው 14 ሰከንድ ይወስድብኛል። ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አስፋልቱ ጋ ትወርድና ሕፃናቱን አሳልፋ በእጇ ትጠራኛለች። ድርጅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሎ የመግጠሚያውን ግማሽ ለመሸፈን ተስማምቷል፤ የእጅ ፍሬኑ ለምን እንደታለፈ ግን በጽሑፍ አላስረዳም፤ እርሱን አሁንም እየጠየቅሁ ነው።